የከባድ ሚዛኑን ግጥሚያ ማርቆስ ያመጡት አቶ ጸጋው አንለይ

አቶ ጸጋው አንለይ ሰኔ 12 ቀን 1951 ዓ.ም. በቀድሞው የጎጃም ጠቅላይ ግዛት፣ አምበር አጠገብ፣ ከአባታቸው ከአቶ አንለይ ውቤ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተ ሰንበት አድማስ ተወለዱ። ዕለቱ የቅዱስ ሚካኤል በዓል ስለነበር ለዝክር የተጠራው ጎረቤት ሁሉ ሕፃኑን አይቶ ነው ወደ ቤቱ የተመለሰው። እርሳቸውም በኋላ ዕድሜያቸውን የሚጠራጠር ሲገጥማቸው «እኔ እኮ በምስክር ፊት ነው የተወለድሁ» ይሉ ነበር።

ዘጠኝ ዓመት ሲሞላቸው የኔታ ገብረ ሚካኤል ዘንድ ገብተው ፊደል ቆጠሩ፣ ዳዊት ደገሙ፤ ከዚያም ወደ ቅኔ ቤት ተሻግረው ስድስት ዓመት ቆዩ። ቅኔ ቤት የገባ ሁሉ ባለቅኔ አይሆንም፤ አቶ ጸጋውም አልሆኑም። የእርሳቸው ተሰጥዖ ሌላ ነበር። ጓደኞቻቸው ቀኑን ሙሉ ሲያወጡ ሲያወርዱ የዋሉበትን ቅኔ አንድ ጊዜ ሰምተው፣ ባለቤቱ ፈጽሞ ያላሰበውን ፍቺ ያወጡለታል። የኔታም «አንተ ልጅ፣ ቅኔ መቁጠሩን ትተህ የሰው ቅኔ መበርበር ያዝህ» እያሉ ይቆጧቸው እንደነበር ራሳቸው እየሳቁ አውርተዋል።

በ1970 ዓ.ም. ወደ ደብረ ማርቆስ መጥተው በማታ ትምህርት እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። ከ1973 ዓ.ም. ጀምሮ በመዝገብ ቤት ሠራተኛነት ዐሥራ አንድ ዓመት አገለገሉ። በ1977 ዓ.ም. ከደምበጫዋ ተወላጅ ከወይዘሮ ፋንታነሽ ጋር በቁርባን ተጋብተው አንድ ወንድና ሁለት ሴት ልጆች ወለዱ። በ1984 ዓ.ም. መሥሪያ ቤታቸው ሲፈርስ የምስጋና ደብዳቤ ተሰጣቸው። ደብዳቤው ሦስት የፊደል ግድፈት ነበረበት፤ አርመው መለሱት። በማግስቱ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር አንድ ትልቅ ጃንጥላ ተክለው፣ ሁለት በርጩማና አንድ ያገለገለ የጽሕፈት መኪና ይዘው ተቀመጡ። ከዚያ ቦታ ሠላሳ ሦስት ዓመት አልተነሡም።

ማመልከቻ ጸሐፊ በከተማችን ብዙ ነው። እንደ አቶ ጸጋው ያለ ግን አልነበረም። የጻፉትን ሁሉ በሌባ ጣታቸው እየተከተሉ ሦስት ጊዜ ያነቡ ነበር፤ አንዴ እንደ አመልካች፣ አንዴ እንደ ተከሳሽ፣ አንዴ እንደ ዳኛ። እንደ ተከሳሽ ሲያነቡ ፊታቸው ይጠቁራል፤ እንደ ዳኛ ሲያነቡ ያዛጋሉ። ባለጉዳዩ በዚያ ማዛጋት ይሰጋ ነበር። እርሳቸው ግን «ዳኛው የሚያዛጋበትን አንቀጽ አሁኑኑ ማወቅ አለብን» ብለው ያንኑ አንቀጽ አውጥተው ይጥሉታል። እንዲህ ሆኖ የተጻፈ ማመልከቻ በየወረዳው ስንት መሬት፣ ስንት ጡረታ፣ ስንት የልጅ ቀለብ እንዳስመለሰ ዛሬ እዚህ የቆመው ሕዝብ ያውቀዋል።

በ2005 ዓ.ም. መስከረም ላይ አንድ ሰው ከጃንጥላው ሥር ጎንበስ ብሎ ገባ። መቶ አራት ኪሎ የሚመዝን፣ በእህል ገበያው በጫኝና አውራጅነት የሚሠራ፣ ቀድሞ በውትድርና ሳለ ቦክስ የተማረ የአምበር ልጅ ነው፤ የሺዋስ ቢተው ይባላል። አዲስ አበባ ሁለት ጊዜ ሄዶ ተጋጥሞ ሁለቱንም በነጥብ ተሸንፎ ተመልሷል።

«ምን ልጻፍልህ?» አሉት።

«በእውነት ተሸንፌ እንደሆነ ይነገረኝ ብለው ይጻፉልኝ።»

«ለማን ይድረስ ልበል?»

የሺዋስ ትንሽ አሰበና «ለሚያውቅ ሰው» አለ።

አቶ ጸጋው በሥራ ዘመናቸው ብዙ ሺህ ማመልከቻ ጽፈዋል፤ ይህን ግን ሲጽፉ እጃቸው ቀስ እንዳለ ይናገሩ ነበር። ሰውየው ካሣ አልጠየቀም፤ ዳኞቹ ይቀጡልኝም አላለም። እንግዳ አገር፣ እንግዳ ሕዝብ ፊት፣ እንግዳ ሰዎች ወረቀት ላይ የጻፉትን ቁጥር ማመን አቅቶት ነው የመጣው። ሁለቱን ግጥሚያዎች በሐሳቡ እየደጋገመ አንዴ ያሸንፋል፣ አንዴ ይሸነፋል። ማመልከቻው ለሦስት መሥሪያ ቤቶች ተላከ። አንዱም አልመለሰ።

መልስ ባይመጣም የሺዋስ ከጃንጥላው አልራቀም። በዚያው ዓመት መጋቢት ወር አቶ ጸጋውን ሕጋዊ ወኪሉ አድርጎ ሾማቸው፤ ስለ ግጥሚያ ገንዘብና ቦታ ይደራደራሉ፣ በስሙም ይፈርማሉ። ስለ ቦክስ የሚያውቁት ነገር አልነበረም። ግራ እጅ ምን እንደሚሠራ፣ ቀኝ እጅ መቼ እንደሚወጣ የሺዋስ ራሱ በበርጩማው ላይ ተቀምጦ አስረዳቸው። እስከ 2011 ዓ.ም. ድረስ በባሕር ዳር፣ በደሴና በሌሎች ከተሞች ዘጠኝ ጊዜ ተጋጥሞ ዘጠኙንም አሸነፈ። ይህን ጊዜ ነው የአገሪቱ የከባድ ሚዛን ቀበቶ ባለቤት የሆነው የአዲስ አበባው ቦክሰኛ ገዳሙ የሚጋጠመው ሰው የጠፋው፤ ይህን ጊዜ ነው አዘጋጁ አቶ ሀይለመለኮት ነጭ መኪና ይዘው ማርቆስ የደረሱት።

አቶ ሀይለመለኮት ዐሥራ ስምንት ዓመት ዱባይ ኖረው የተመለሱ ነጋዴ ናቸው። ነሐሴ 2011 ዓ.ም. ዝናቡ ሲያባራ ጠብቀው ወደ ጃንጥላው መጡ። ከፊታቸው ሦስት ባለጉዳዮች ነበሩ።

«ተራ ይያዙ» አሏቸው አቶ ጸጋው።

«እኔ ከአዲስ አበባ ነው የመጣሁት፣ አባ።»

«እኒህ እናት ደግሞ ከአነደድ በእግራቸው ነው የመጡ። ጫማዎን አየሁት፤ ገና አልጨቀየም። ይቀመጡ።»

ተቀመጡ። አንድ ሰዓት ከሩብ ጠበቁ። ተራቸው ሲደርስ ለየሺዋስ ሁለት መቶ ሃምሳ ሺህ ብር እንደሚከፍሉና ግጥሚያው አዲስ አበባ እንደሚሆን ተናገሩ። አቶ ጸጋው ገንዘቡን ሰምተው ብዙም አልተደነቁም።

«ይህ ለፊቱ ነው ለጀርባው?»

«እንዴት ማለት?»

«ሰውየው ሁለት ወገን አለው። ፊቱ ይመታል፤ ጀርባው መሬት ሊነካ ይችላል። የሰጡን የአንዱን ዋጋ ከሆነ የሌላውን ደግሞ እንስማው።»

አቶ ሀይለመለኮት ሳቁ፤ የሳቀ ደግሞ ከአቶ ጸጋው ጋር ሲደራደር አያሸንፍም። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ገንዘቡ ስድስት መቶ ሺህ ደረሰ። ቦታው ላይ ግን ሁለት ቀን ሙሉ አንድ ጋት ፈቀቅ አላሉም።

«ማርቆስ ለቴሌቪዥን የሚሆን መብራት የለም» ይላሉ አቶ ሀይለመለኮት።

«ፀሐይ አለ።»

«በቂ ሆቴል የለም።»

«ገዳሙ ስንት አልጋ ላይ ነው የሚተኛ?»

«ኧረ አባ፣ ሰው አዲስ አበባ ነው ያለው።»

«አዎ፣ ጤፋችንንም፣ ሰንጋችንንም፣ መምህሮቻችንንም እዚያው ወስዳችሁ እዚያው ነው የምታዩት። ይህን አንዱን መጥታችሁ እዩት ነው የምለው።»

በሦስተኛው ቀን አቶ ሀይለመለኮት አዲስ ነገር ይዘው ቀረቡ። ዱባይ አንድ ባለሀብት ግጥሚያውን እዚያ ላሰናዳ ብሏል፤ ማርቆስ ማርቆስ ካላችሁ ዱባይ እወስደዋለሁ አሉ። የሺዋስ ፓስፖርት አልነበረውም፤ ባሕር መሻገርም አይፈልግም። አቶ ጸጋው ግን የጀመሩትን ማመልከቻ መጻፍ ቀጠሉ። በመጨረሻ አቶ ሀይለመለኮት እንደ ቸር ሰው እጃቸውን ዘርግተው «በቃ፣ ዱባይን ተውሁልዎ። አገር ቤት ይሁን» አሉ። ወዲያው ኮምፒውተራቸውን ከፍተው ውሉን ራሳቸው ጻፉ። ዐራተኛው አንቀጽ እንዲህ ይል ነበር፤ «ግጥሚያው በአገር ቤት ይካሄዳል፤ ትክክለኛው ሥፍራ በአዘጋጁ ይወሰናል።»

ከማተሚያ ቤት ወጥቶ ወረቀቱ ሲመጣ አቶ ጸጋው እንደ ልማዳቸው ሦስት ጊዜ አነበቡት። በሦስተኛው አላዛጉም። ጣታቸው ዐራተኛው አንቀጽ ላይ ቆመ።

«ይህ ቃል እንዳለ ይሁን?»

«የትኛው?»

«አገር ቤት የሚለው።»

«ይሁን እንጂ፤ ቃሌን ሰጥቻለሁ እኮ።»

«እንግዲያውስ ይሁን» አሉና ፈረሙ።

በዚያን ዕለት ቤት ሲገቡ ወይዘሮ ፋንታነሽ ፊታቸውን አይተው «አንተ ሰውዬ፣ ምን ደብቀህ ነው እንዲህ የበራልህ?» ብለዋቸዋል። አልተናገሩም። ለየሺዋስም አልተናገሩም። የሺዋስ ግጥሚያው አዲስ አበባ እንደሆነ አምኖ ዝግጅቱን ጀመረ።

በመስከረም 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ማስታወቂያው ወጣ፤ ቦታው አዲስ አበባ። አቶ ጸጋው ያን ቀን ሌላ ማመልከቻ አልተቀበሉም። በጽሕፈት መኪናቸው አንድ ገጽ ደብዳቤ ጽፈው በአደራ ፖስታ ላኩ፤ ውላችን አገር ቤት ይላልና ሥፍራው ይታረምልን የሚል። ከስድስት ቀን በኋላ ስልካቸው ጮኸ።

«አባ፣ አገር ቤት ማለት ኢትዮጵያ ማለት ነው» አሉ አቶ ሀይለመለኮት።

«ዱባይ ሳሉ ነበር እንደዚያ። አሁን አዲስ አበባ አይደሉም እንዴ?»

«ነኝ።»

«የቢሮዎ ጥበቃ ለመስቀል አገር ቤት ልሂድ ብሎ ፈቃድ አልጠየቀዎትም?»

«ጠይቋል።»

«ወዴት ሄደ?»

«ጉራጌ ነው የሱ አገር» አሉ አቶ ሀይለመለኮት።

«ይኸው። ቦሌ አልሄደም።»

«ሥፍራውን አዘጋጁ ይወስናል የሚለውስ?»

«እሱማ የእርስዎ ነው፤ ማን ይነካዎታል? ስታዲየሙ አለ፣ የፈረስ ሜዳው አለ፣ ካሻዎት አምበር ገበያው አለ። ይምረጡ።»

አቶ ሀይለመለኮት በዚህ አልሳቁም። ሌላ ተጋጣሚ እንደሚፈልጉ፣ ውሉንም እንደሚያፈርሱ ነግረው ዘጉት። ወሬው በሁለት ቀን ከተማውን አዳረሰ። ያኔ «ሽማግሌው ነካ አድርጎታል፤ በሰው ልጅ እንጀራ ቅኔ ይዘርፋል» ያሉ ሰዎች ነበሩ። ከእነርሱ ጥቂቶቹ ዛሬ ከፊት ረድፍ ቆመዋል፤ እንኳን መጡ።

ከሁሉም የከበደው ግን የየሺዋስ መምጣት ነበር። ከመጋዘን በቀጥታ መጣ፤ ትከሻው ላይ የጤፍ አቧራ አለበት። በርጩማው ላይም አልተቀመጠ።

«አያ ጸጋው፣ ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነው» አለ። «ለዚህ ቀበቶ ሁለተኛ የሚጠራኝ የለም። አዲስ አበባም ቢሆን እሄድ ነበር። የፈረሙት በእኔ ስም፣ የሚቀረውም የእኔ ዕድል። ቃሉን ሲያዩት ለምን አልነገሩኝም?»

አቶ ጸጋው «ውክልናህን ማንሳት ትችላለህ» አሉት።

«እችላለሁ?»

«ማንሻውን እኔው እጽፍልሃለሁ። ክፍያ የለውም።»

እዚያው ቁጭ ብለው ጻፉት። አንድም ቀዳዳ የሌለው፣ ማንም ሊሞግተው የማይችል የውክልና ማንሻ ነበር፤ በራሳቸው ላይ ሲጽፉ እንኳ አልሰነፉም። ሦስት ጊዜ አንብበው እስክሪብቶውን ከላዩ አድርገው ሰጡት። የሺዋስ ወረቀቱን አጥፎ ይዞት ሄደ።

ዘጠኝ ቀን አልተመለሰም። በእነዚያ ዘጠኝ ቀናት የአቶ ጸጋው ምግብ ቀነሰ። ወይዘሮ ፋንታነሽ «በገዛ እጅህ ነው እኮ» ሲሏቸው «አዎ» ብቻ ይሉ ነበር። በቃሉ ትርጉም ላይ አንድም ጊዜ አልተጠራጠሩም፤ ያስጨነቃቸው ሌላ ነው። ቃሉ የእርሳቸው ጨዋታ ሆኖ ሳለ በመያዣነት ያስቀመጡት የሰው ዕድሜ መሆኑን ያን ጊዜ ነው ያዩት።

በዐሥረኛው ቀን የሺዋስ መጣ፤ ወረቀቱ በእጁ ነው፣ ፊርማ የለበትም።

«ማርቆስ ቢሆን ዳኞቹ ከየት ናቸው?»

«አንዱ ከአዲስ አበባ፣ አንዱ ከሐዋሳ፣ አንዱ ከደሴ። ጎጃሜ አይገባም ብዬ እኔው ነኝ የማስጽፈው።»

«ታዲያ ማርቆስ መሆኑ ለእኔ ምን ጠቀመኝ?»

«ብታሸንፍም ብትሸነፍም ታምነዋለህ።»

የሺዋስ ወረቀቱን ካጠፈው በላይ ደግሞ አጥፎ ኪሱ ከተተ። «ከእንግዲህ ግን እኔ ሳልሰማ አንድ ቃል አይፈርሙ» አለ። አቶ ጸጋው እሺ አሉ።

ኅዳር 2012 ዓ.ም. አቶ ሀይለመለኮት ሌላ ተጋጣሚ ፈልገው አጥተው፣ ጠበቃ ይዘው ተመለሱ። ድርድሩ ከጃንጥላው ወደ አንድ ሆቴል አዳራሽ ዞረ። ጠበቃው ወጣትና ጨዋ ሰው ነበር፤ ውሉን አንብቦ ለደንበኛው ሁሉም በሚሰማው ድምፅ «ጌታዬ፣ ቃሉን የጻፍነው እኛ ነን። አጠራጣሪ ቃል በጻፈው ወገን ላይ ነው የሚተረጎመው» አለ። አቶ ጸጋው ለዚህ ልጅ ሻይ አዘዙለት።

አቶ ሀይለመለኮት ግን ባዶ እጃቸውን አልመጡም። ሪንጉ በጭነት መኪና መምጣት አለበት፤ ወንበር መከራየት አለበት፤ የአዲስ አበባው ትኬት እንደ ማርቆሱ ሃምሳ ብር ሳይሆን አምስት መቶ ነበር። ማርቆስ ከሆነ ስድስት መቶ ሺህ መክፈል አልችልም፣ አራት መቶ ነው አቅሜ አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ሒሳቡን አቶ ጸጋውም ሠርተውት ነበር። አምስት መቶ ላይ ሊያቆሟቸው እንደሚችሉም ያውቃሉ። አንደበታቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ግን ወደ የሺዋስ ዞሩ።

«የአንተ ገንዘብ ነው። ምን እንበል?»

የሺዋስ ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ትልልቅ እጆቹን ተመለከተ። «ይቀነስ» አለ። «አራት መቶው ግን ከደወሉ በፊት ባንክ ይግባ። ትኬቱም ከሃምሳ ብር አይለፍ፤ የአምበር ሰው ይገባበታል።»

አቶ ጸጋው አንዲት ቃል አልጨመሩም። ለውክልናቸው የሚገባቸውን ዐሥር በመቶም በዚያው ቀን ተዉለት። አቶ ሀይለመለኮት ሲወጡ በሩ ላይ ቆመው «አባ፣ እርስዎ ዱባይ ቢኖሩ ኖሮ እኔ ለእርስዎ ነበር ተቀጥሬ የምሠራው» አሏቸው። «ያውም ተራ ይዘው ነዋ» አሏቸው አቶ ጸጋው።

ግጥሚያው ጥር 24 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ እሑድ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በከተማው ስታዲየም ተደረገ። የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ዕለት ነውና ካህናቱ ቅር እንዳይላቸው አቶ ጸጋው ቀድመው ሄደው ጠይቀዋል፤ ሰዓቱንም ከማኅበሩ ጠበል ጸዲቅ በኋላ ያደረጉት እርሳቸው ናቸው። ከአምበር፣ ከደምበጫ፣ ከሉማሜ በአውቶቡስ፣ በባጃጅ፣ በፈረስ ሰው ጎረፈ። የዩኒቨርሲቲው ተማሪ፣ መምህሩ፣ ነርሱ፣ ከሌላ ክልል መጥቶ የሚሠራው ሁሉ ገባ። ገዳሙ ገብቶ ሪንጉ ላይ ሲወጣ ሕዝቡ አጨበጨበለት፤ እንግዳ ነዋ።

ዐሥር ዙር ተደባደቡ። በዐራተኛው የሺዋስ ወድቆ ተነሣ። በስድስተኛውና በሰባተኛው ገዳሙን ጥግ ላይ አስቀርቶ ሜዳውን አናወጠው። ከስምንተኛው በኋላ ግን እግሩ ከበደ። ደወሉ ሲደወል አቶ ጸጋው የተቀመጡት ከሪንጉ ሥር ነበር፤ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ነበር። ሦስቱም ዳኞች ለገዳሙ ሰጡ።

ሜዳው ዝም አለ። ያን ዝምታ የሰማ አይረሳውም፤ አንድ ድንጋይ ቢወረወር ኖሮ የሚሆነውን ሁሉም ያውቅ ነበር። የሺዋስ ድምፅ ማጉያውን ከአስተዋዋቂው እጅ ወሰደ። «በመጨረሻዎቹ ዙሮች እጄ እንደዘገየ እኔ አውቃለሁ» አለ። «እናንተም አይታችኋል። ዛሬ ተሸንፌያለሁ።» ከዚያ የገዳሙን እጅ ራሱ ወደ ላይ አነሣው። ገዳሙም በተራው «ቀበቶውን ያገኘኸው በሰፈርህ ነው ሲሉኝ ኖሬ ነበር። ከዛሬ በኋላ እንደዚያ የሚለኝ የለም» ሲል ሕዝቡ ፈነዳ። ሁለት ሰዎች በአንድ ከሰዓት የፈለጉትን አገኙ፤ አንዱ ቀበቶውን ይዞ ሄደ።

በማግስቱ ሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ አቶ ጸጋው ጃንጥላቸውን ተክለዋል። «ታዲያ ምን ተረፈው?» እያሉ በአጥሩ ሥር የሚያልፉ ነበሩ። ይህ ጽሑፍ ይመልስላቸዋል። የሺዋስ ከዚያ ቀን በኋላ ግጥሚያዎቹን በሐሳቡ መደጋገም አቆመ። በገንዘቡ አምበር ላይ ቤት ሠራ፤ ከቤቱ ጎን ቆርቆሮ ጥሎ ማሠልጠኛ ከፈተ። መንገድ ሲዘጋና ሲከፈት በኖረባቸው በእነዚህ ዓመታት እንኳ ሃያ ስድስት ወጣቶች እዚያ ሠልጥነዋል፤ ዐሥራ አንዱ ሴቶች ናቸው። አቶ ሀይለመለኮትም ከሥልጠናው የወጡ ልጆችን ለማስፈረም ደጋግመው ደውለዋል፤ ውላቸውም ከዚያ ወዲህ የከተማ ስም ሳይጠቅስ አይመጣም።

አቶ ጸጋው በሥራቸው እስከ 2017 ዓ.ም. ክረምት ቆዩ። በነሐሴ ወር የኩላሊት ሕመም ጸንቶባቸው በደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ሲታከሙ ሰነበቱ። ሐኪሞቹና ነርሶቹ ላደረጉላቸው ሁሉ ቤተሰቡ ምስጋናውን ያቀርባል። በጥቅምት 2018 ዓ.ም. አንድ ከሰዓት በኋላ የሺዋስ ሊጠይቃቸው መጥቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ አልጋው ዘመም አለ። ልጆቻቸውና ባለቤታቸው በዚያው ነበሩ።

«ሳልነግርህ በስምህ ፈረምሁ» አሉት። «ስድስት ዓመት ሙሉ ሳልጠይቅህ ቀረሁ። ይቅር በለኝ።»

«ቢነግሩኝ እምቢ እል ነበር» አለ የሺዋስ።

«አውቃለሁ። ለዚያ ነው ያልነገርሁህ። ለዚያም ነው ይቅር በለኝ የምልህ።»

የሺዋስ ወደ መስኮቱ ተመለከተና «በነጻ አይሆንም» አለ።

አቶ ጸጋው ለብዙ ሳምንት ያልታየ ፈገግታ አሳዩ። «ስንት ነው?»

«ከልጆችዎ ተራ ይጻፉኝ።»

«ከታላቁ ከአካለ ወልድ በፊት ነው በኋላ?»

«በዕድሜ ይሁን።»

«አካለ ወልድ በሁለት ዓመት ይበልጥሃል።»

«እንግዲያው ሁለተኛ።»

«ሁለተኛ» አሉና እጃቸውን ከአንሶላው ሥር አውጥተው ሰጡት። የሺዋስ በሁለት እጁ ተቀብሎ ሳመው። ወይዘሮ ፋንታነሽም አንዷን ልጃቸውን «ጻፊው» ብለው አዘዙ፤ እዚያው ተጻፈ። አቶ ጸጋው ወረቀቱን ተቀብለው፣ ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር አንድ ጊዜ ብቻ አንብበው መለሱት።

አቶ ጸጋው አንለይ ቅዳሜ ኅዳር 13 ቀን 2018 ዓ.ም. ረፋዱ ላይ በተወለዱ በስድሳ ስድስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ሥርዓተ ቀብራቸውም ዛሬ እሑድ ኅዳር 14 ቀን ወዳጅ ዘመዶቻቸውና ያገለገሉት ሕዝብ በተገኙበት በደብረ ማርቆስ ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ይፈጸማል።

ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ፋንታነሽ ጋር አርባ ዓመት በትዳር ኖረዋል። አራት ልጆች ትተዋል፤ መምህር አካለ ወልድ ጸጋው፣ የሺዋስ ቢተው፣ ሀይማኖት ጸጋው እና አይናለም ጸጋው ናቸው። አምስት የልጅ ልጆችንም አይተዋል።

ፈጣሪ የአባታችንን ነፍስ ከደጋግ ሰዎች ጉባኤ ያኑርልን፤ ለእናታችን፣ ለልጆቻቸውና በእርሳቸው ብዕር ደጅ ለጠኑ ሁሉ መጽናናቱን ይስጥልን። አሜን።